መስታወት የሚጭረው ነጭ ድንጋይ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው ሻኪሶ አካባቢ ነው። ከእርሻችን ዳር ወተት የመሰለ ነጭ ድንጋይ አግኝቼ ፎቶውን ልኬላችኋለሁ። መስታወት ስለሚጭር አንዱ ጎረቤቴ አልማዝ ነው ይለኛል፤ ሌላው ኦፓል ነው ይላል። በምን ልለየው?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከፎቶውና ከገለጻዎ እንደምንረዳው ድንጋይዎ ኳርትዝ የተባለው በብዛት የሚገኝ ማዕድን ነጩ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። አልማዝ ነው ያሉት ጎረቤትዎ ያዩትን በትክክል አይተዋል፤ የቸኮሉት በድምዳሜው ላይ ነው። ማዕድናት በጥንካሬያቸው ከ1 እስከ 10 በሚመደቡበት የሞስ መለኪያ መስታወት 5.5 ገደማ፣ ኳርትዝ 7፣ አልማዝ ደግሞ 10 በመሆኑ፣ መስታወት መጫር ለኳርትዝም ቀላል ሥራ ነው።

በቤትዎ የሚሞክሩት ይኸውና። የቢላዋ ጫፍ በድንጋዩ ላይ ጫን አድርገው ይሳቡ። የሚታየው ግራጫ መስመር በእርጥብ ጣት ሲያሹት ከለቀቀ፣ ከቢላዋው የቀረ ብረት ነው እንጂ ድንጋዩ አልተጫረም። እብነ በረድ ቢሆን ኖሮ ቢላዋው በቀላሉ ይቦረቡረው፣ ዱቄቱም ኮምጣጤ ሲነካው አረፋ ያወጣ ነበር። ይበልጥ የሚያሳስተው ፌልድስፓር የተባለው ማዕድን ነው፤ እርሱም ነጭ ሊሆን፣ መስታወትም ሊጭር ይችላል። ስለዚህ ስባሪውን ብርሃን ላይ ያገላብጡት፦ ፌልድስፓር እንደ ደረጃ ጠፍጣፋ ገጽ እያሳየ ሲሰነጠቅ፣ ኳርትዝ ግን እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ጎበጥ ጎድጎድ ብሎ ይሰበራል። ኦፓልን በተመለከተ፣ ከኳርትዝ ለስለስ ያለና ቀለል ያለ ነው፤ የወሎው ኦፓል ዝናው የመጣው ሲያዘነብሉት በሚጫወተው ቀለም ነው፣ የእርስዎ ድንጋይ ግን እንዲህ ያለ ቀለም አይታይበትም።

ንጹሕ ኳርትዝ እንደ ውሃ የጠራ ነው። የእርስዎ የነጣው፣ ትኩስ ፈሳሽ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ እያለፈ ማዕድኑ ሲረጋ፣ በዓይን የማይታዩ የውሃና የጋዝ ጠብታዎች በውስጡ ታሽገው ስለቀሩና ብርሃኑን ስለሚበትኑት ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት ሁለት ስባሪዎችን አጥብቀው ቢያፋትጉ ደብዛዛ ብልጭታ ያያሉ፤ ልጆች በጣም ይወዱታል።

ስለ ዋጋው አልጠየቁንም፤ ይሁንና በአካባቢዎ ባለው በለገደንቢ የወርቅ ማውጫ ወርቁ በዓለት ውስጥ እንደ ደም ሥር ከተዘረጋ ኳርትዝ ጋር ተያይዞ ስለሚገኝ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። አብዛኛው ነጭ ኳርትዝ ወርቅ አልባ ነው። ዝገት የመሰለ ቡናማ ቀለምና ባዶ ቀዳዳ ያለበት ከሆነ ግን ለባለሙያ ማሳየት ተገቢ ነው። እስከዚያው በመዶሻ አይፍጩት፤ የኳርትዝ ብናኝ አዘውትሮ ወደ ሳንባ ከገባ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን በሽታ ያስከትላል።