ፋኒ ያልወረሰችው ፋብሪካ

ውድ ልጆቼ፣

እኔ ሱፍ ፋብሪካ ውስጥ ነው ያረጀሁት። ሥራ ስትጀምሩ ምን እንደሚያስጨንቃችሁ አውቃለሁ። «የሚያወርሰኝ የለም፣ የሚያስገባኝ ዘመድ የለም» የሚሉኝ ብዙ ናችሁ። ስለዚህ ዛሬ የአንድ የሱፍ ፋብሪካ ባለቤት ቤተሰብ ታሪክ ልንገራችሁ። የአሜሪካ፣ የኦሪገን ሰዎች ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አባትየው ቶማስ ኬይ ይባላል። እንግሊዛዊ ነው፣ ሱፍ በሚሠራበት በዮርክሺር የተወለደ። በሸማኔ ረዳትነት ጀመረ። በ1863 የፓናማን ምድር አቋርጦ፣ በመርከብ ኦሪገን ገባ። ኦሪገን ግዛት ከሆነች ገና አራት ዓመቷ ነበር። በሌሎች ፋብሪካዎች ሲሠራ ኖሮ፣ በሴለም ከተማ የራሱን የከፈተው በ1889 ነው። ቁጠሩት፣ 26 ዓመት! ስድስት ዓመት ሠርቶ ፋብሪካው በእሳት ወደመ። በዓመቱ በጡብ አሠራው።

ሰውየው ጠንካራ ነው። እኔን የምትገርመኝ ግን የመጀመሪያ ሴት ልጁ ፋኒ ናት። የአባቷ ረዳት ሆና ሥራውንም አስተዳደሩንም ተማረች።

«የሱፍ ሥራ ተማረች» ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ገና ከበግ የተሸለተ ሱፍ ውስጥ እጃችሁን ብትከቱ፣ ስታወጡት ቅባት ነው፤ አሸዋና እሾህም አለበት። ታጥቦ ሲወጣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሊጠፋ ይችላል። እንግዲህ ሱፍ ስትገዙ የምትከፍሉት ለሱፍ ይሁን ለቆሻሻ፣ በእጅ ዳብሶ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋችኋል። ከዚያ ይበጠራል፣ ይፈተላል፣ ድሩ ይወጠራል፣ ማጉ ይገባል። ተሸምኖ ሲያልቅ ደግሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታሻል፤ ጨርቁ ይጠባል፣ ይወፍራል፣ ብርድ የማያስገባው ያኔ ነው።

ወጣት እያለሁ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማጠቢያው ላይ ተመድቤ ነበር። ውሃው በጣም ሞቀብኝ፣ እኔም ቶሎ ይጽዳ ብዬ ሱፉን ማማሰል ጀመርኩ። ገንዳው ሙሉ ሱፍ እንደ ምንጣፍ ተጣበቀ። አለቃዬ አልጮኹብኝም። ቁራጩን እጄ ላይ አስቀምጠው «በኋላ ሆን ብለን የምናደርገውን አሁን ሳታስበው አደረግከው» አሉኝ። ሙቀትና እሽታ ሱፍን ምን እንደሚያደርጉት የገባኝ ያን ቀን ነው። ፋኒ ከአባቷ ጎን ቆማ የተማረችው እንዲህ ያለውን ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1876 ሲ ፒ ቢሾፕ የሚባል ነጋዴ አገባች። እሷ ጨርቅ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለች፣ እሱ እንዴት እንደሚሸጥ ያውቃል። ይህን ነገር በደንብ አስቡበት። ብዙ ጎበዝ ባለሙያ አይቻለሁ፣ የሠራውን ማን እንደሚገዛው ጠይቆ ስለማያውቅ ብቻ የወደቀ። ከሻጭ ጋር ቡና ጠጡ። ደንበኛ ለምን ዕቃ እንደመለሰ ጠይቁ።

በ1900 ቶማስ ኬይ ሞተ። ፋብሪካው በወንድሟ በቶማስ ቢ ኬይ እጅ ገባ። ሥራውን የምታውቀው ፋኒ ቀረች። በዚያ ዘመን ወንድ ልጅ ካለ ለሴት አይታሰብም ነበር። እኔ ትክክል ነው አልልም፣ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ግን እጇ ላይ ያለውን ማን ይወስድባታል? ክላረንስ፣ ሮይና ቾንሲ የሚባሉ ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯት። እናትና አባታቸው የሚያውቁትን ሁለቱንም ሙያ ይዘው አደጉ። በምሥራቅ ኦሪገን ፔንድልተን የምትባል ከተማ አለች፣ በበግ አርቢዎች መሃል። እዚያ በ1893 ለሱፍ ማጠቢያ የተሠራ፣ በኋላ ለአካባቢው ነባር ሕዝቦች ብርድ ልብስ ይሸምን የነበረ ፋብሪካ ሥራ አቁሞ ቆሞ ነበር። የቢሾፕ ቤተሰብ በ1909 ገዛው። ሦስት ዓመት ቆይተው በዋሽንግተን ግዛት፣ በዋሹጋል ሌላ ጨመሩ። በ1924 የወንዶች የሱፍ ሸሚዝ ማምረት ያዙ።

ስለዚህ ሥራ ቦታችሁ የማን ነው ብላችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት፣ እዚያ ውስጥ ምን እየተሠራ እንደሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ እወቁ። የእናንተ ክፍል ባይሆንም ግቡና እዩ። የሚያውቅ ሰው አጠገብ ቁሙ፣ ዕቃ አቀብሉት፣ ሲመቸው ጠይቁት። መጀመሪያ ያባርራችሁ ይሆናል፤ በነጋታው ተመለሱ።

ደግሞ የቤተሰባችሁን ታሪክ ስትጽፉ ቤቱ፣ መሬቱ በማን ስም ነበር ብቻ አትበሉ። ሥራውን ማን ያውቅ ነበር? ማን ለማን አሳየ? አያታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው። እኔ ለነገ እያልኩ ሳልጠይቅ የቀረሁት ብዙ ነው።

ወንድሟ የተረከበው የሴለም ፋብሪካ በ1962 ተዘጋ። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ሰው እየገባ የቆሙትን ማሽኖች ያያል። የፔንድልተኑ ድርጅት እስካሁን በቢሾፕ ቤተሰብ እጅ ነው፤ ብርድ ልብስ ይሸምናል።