ከናሙና ብልቃጥ እስከ ጨረር ወረፋ፦ ስለ ካንሰር ሕክምና ጥያቄና መልስ

የደረሱት ጥያቄዎች ብዙ ስለሆኑ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። «የእኔ መድኃኒት መጠኑ ትክክል ነው ወይ» ላላችሁት ግን ካርዳችሁ ሳይታይ መልስ የለም፤ እሱን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እናታችን ካንሰር እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ ማንኪያና ብርጭቆዋን የሚለዩ ዘመዶች አሉ። ይተላለፋል እንዴ?

መልስ፦ አይተላለፍም፤ ማንኪያዋን መልሱላት። ግራ መጋባቱ ግማሹ የመጣው ከቃሉ ነው። ቲቢን «የሳንባ ነቀርሳ» እንላለን፣ ካንሰርንም «ነቀርሳ» እንላለን። ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ካንሰር ግን የገዛ ሰውነት ሕዋስ ከልክ አልፎ ሲራባ የሚመጣ ነው። በየቀበሌው የሚያስተምሩ ሰዎች «ነቀርሳ»ን ትተው «ካንሰር» ቢሉ ግማሽ ሥራቸው ይቀልላቸው ነበር። ከሰው ወደ ሰው የሚሄዱት ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ አንዳንድ ቫይረሶች ናቸው፤ ለምሳሌ የማሕፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪና የጉበት ቫይረስ ቢ። እነሱም ቢሆኑ በማንኪያ አይሄዱም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ኬሞ (የካንሰር ሕዋስ የሚገድል መድኃኒት) ከወሰደች በኋላ ለ48 ሰዓት ያህል በሽንት፣ በሰገራና በትውከት የመድኃኒቱ ቅሪት ይወጣል። አስታማሚው ጓንት ያድርግ፤ ሽንት ቤቱ ውሃ ያለው ከሆነ ክዳኑ ተዘግቶ ሁለት ጊዜ ይለቀቅበት፤ የቆሸሸ አንሶላ ለብቻው ይታጠብ። እርጉዝ ሴት በቤቱ ካለች ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይያዝላት። የምትጠነቀቁት ከመድኃኒቱ እንጂ ከእናታችሁ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከጡቴ ናሙና ተወስዶ «ለሆርሞን ምርመራ የሚሆን አይደለም» ተባልኩ። እንደገና መቆረጥ አለብኝ?

መልስ፦ መጀመሪያ ናሙናሽ በሰም ተደርጎ የተቀመጠበት ብሎክ ፓቶሎጂ ክፍሉ (ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚታይበት) ውስጥ ተርፎ እንደሆነ ጠይቂ። ሌላ ያልተበላሸ ክፍል ካለው ከእሱ ይሠራል። ከሌለ እንደገና መውሰድ ግድ ነው፤ ያለዚህ ውጤት ሐኪሙ የሚያዘው በግምት ይሆናል።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ከላቦራቶሪው በፊት ነው። ሥጋው ከሰውነት እንደወጣ መበላሸት ይጀምራል፤ በ1 ሰዓት ውስጥ 10 በመቶ ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ መግባት አለበት። ፎርማሊኑ ከናሙናው መጠን ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። በፎርማሊኑ ውስጥ የቆየው ከ6 ሰዓት ካነሰ አይጠነክርም፣ ከ72 ሰዓት ካለፈ ደግሞ የሆርሞን ተቀባይና የኸር-2 ምርመራው (ካንሰሩ ለየትኛው መድኃኒት እንደሚሸነፍ የሚያሳየው) ያለውን እንደሌለ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት የተወሰደ ናሙና ሰኞ በዓል ከሆነ ችግር አለበት። ፎርማሊን በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው ወደ ውስጥ የሚዘልቀው፤ ሙሉ ጡት ሳይሰነጠቅ ባልዲ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ውጩ ደህና ይመስላል፣ መሃሉ ግን ይበሰብሳል።

በከተማችን ፓቶሎጂ ስለሌለ ናሙናውን ራሳችን ይዘን እንሄዳለን ላላችሁትም እዚሁ ልመልስ። አፉ ሰፊ ብልቃጥ ያዙ፤ ጠባብ አፍ ውስጥ ተገፍቶ የገባ ሥጋ ፎርማሊን ጠጥቶ ሲደርቅ አይወጣም። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀኝ ወይም ግራ፣ የተወሰደበት ቀንና ሰዓት ብልቃጡ ላይ ይጻፍ፤ ክዳኑ ላይ ብቻ ከተጻፈ ክዳን ሲቀያየር ሰው ይቀያየራል። ሳላይን (የጨው ውሃ) ወይም አልኮል ውስጥ አይጨመር፣ በረዶ ቤትም አይግባ። የጥያቄ ወረቀቱን በፕላስቲክ ለይታችሁ ያዙ፤ የፈሰሰ ፎርማሊን ጽሑፉን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን ለ5 ዓመት ዋጪ ተባልኩ። ምንም አያመኝም። ባቆመው ምን ይሆናል?

መልስ፦ ምንም ስላላመመሽ ነው የሚያሰጋው። በቀን 20 ሚሊ ግራም የምትውጪው ካንሰሩ የሚመገብበትን ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን በር ለመዝጋት ነው፤ መዝጋቱ አይታይም፣ መክፈቱም አይታይም፤ የሚታየው ከዓመታት በኋላ በሽታው ሲመለስ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት የሠለጠኑ ነርሶች ሴቶቹን እየመከሩና በስልክ እየተከታተሉ ሲያግዟቸው በመድኃኒቱ የጸኑት በግልጽ እንደሚበልጡ አሳይቷል። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተጨመረው የሚደውል ሰው ነው። በእኔ ግምት በዘርፉ ከተሠሩት ምርምሮች ወደ ሥራ ለመለወጥ ከሁሉ የሚረክሰው ይኸው ነው።

አንድ ቀን ከረሳሽ በማግስቱ ሁለት አትዋጪ። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ከታየ ቶሎ ሂጂ። በምትወስጅበት ጊዜ እርግዝና መከላከል ያስፈልጋል፣ ሆርሞን በሌለው መንገድ። ለድብርት ፍሉኦክሴቲን ወይም ፓሮክሴቲን ከታዘዘልሽ ታሞክሲፈን እንደምትወስጂ ተናገሪ፤ ኃይሉን ይቀንሱታል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኬሞ በወሰደ በ10ኛው ቀን አተኮሰው። ፓራሲታሞል ሰጥቼ እስኪነጋ ልጠብቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትጠብቂ። ኬሞ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሕዋስ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ወቅት 38.3 ዲግሪ አንድ ጊዜ ከታየ፣ ወይም 38 ሆኖ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ ድንገተኛ ነው። ወታደር የሌለው ሰውነት ስለሆነ መግልም እብጠትም ላይታይ ይችላል፤ ትኩሳቱ ብቸኛው ምልክት ነው፣ ፓራሲታሞል ደግሞ እሱን ያጠፋዋል። ሆስፒታል ስትደርሱ ካርድ ሳይወጣ ገና በሩ ላይ «ኬሞ ላይ ያለ ሰው ነው፣ በዚህ ቀን ወስዷል» በሉ። በደም ሥር የሚሰጠው ፀረ ባክቴሪያ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

ሌሎቻችሁም ከኬሞው በፊት ቴርሞሜትር ግዙ፤ በእጅ ግንባር መዳሰስ አይበቃም። በእነዚያ ቀናት ክትፎ ለብለብ እንኳ ቢሆን፣ ጥሬ ሥጋ፣ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎና አይብ ይቅር። እንጀራ፣ ሽሮ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል ችግር የለባቸውም። ጠያቂ ይምጣ፣ የሚያስል ሰው ግን በስልክ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ የማሕፀን በር ምርመራ «በኮምጣጤ» ነው ይሉናል። እውነት ነው?

መልስ፦ በግምት። ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ይቀባል፣ ቢያንስ 1 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይታያል። የታመመው ቦታ ጠርዙ የተለየ ነጭ ይሆናል። ትዕግሥት ያጣ ባለሙያ በ20 ሴኮንድ ካየ ሊያመልጠው ይችላል። ነጭ መሆኑ ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ወደ ካንሰር ሊሄድ የሚችል ለውጥ ነው፣ እዚያው በዚያው ቀን ይታከማል። በሙቀት ከሆነ በ100 ዲግሪ ከ1 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ፣ በቅዝቃዜ ከሆነ 3 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ 5 ደቂቃ መልቀቅ፣ እንደገና 3 ደቂቃ። የቅዝቃዜው ችግር ጋዙ ነው፤ ሲሊንደሩ መሃል ላይ ካለቀ ግማሽ የተሠራ ሕክምና አልተሠራም፣ ጤና ጣቢያውም ጋዝ እስኪመጣ ሴቶችን ይመልሳል። የሙቀቱ መሣሪያ በባትሪ ስለሚሠራ ለገጠር ይሻላል። ለውጡ ወደ ውስጠኛው ቦይ ከገባ ወይም ካንሰር ከተጠረጠረ ግን ሁለቱም አይሆኑም፤ ሪፈር ነው።

የምርመራው ዕድሜ ከ30 እስከ 49፣ ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ከ25 ጀምሮ። የወር አበባ ላይ ሳለሽ አትሂጂ። ከሕክምናው በኋላ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ለሳምንታት ይኖራል፤ አትደንግጪ። ለ4 ሳምንት ግንኙነት አይኖርም፤ ይህን ባልየው በቦታው ሆኖ ቢሰማው ብዙ ጭቅጭቅ ይቀንሳል። የወር አበባ ካቆመ በኋላ የሚታየው ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ በዓይን ማየቱ አያስተማምንም፤ የኤችፒቪ ምርመራ ባለበት ቦታ እሱ ይመረጣል፣ ናሙናውን ራስሽ መውሰድም ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ ልጄን በትምህርት ቤት ኤችፒቪ ሊከትቧት ነው። መካን ያደርጋል ይባላል።

መልስ፦ አያደርግም። በኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ፣ ያኔ በ6 ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. አንድ ጊዜ መከተብም እንደሚበቃ ተቀብሏል። ኤችአይቪ ላለባት ግን አንዱ አይበቃም። መርፌ ፈርታ የምትወድቅ ልጅ ስለማትጠፋ ቁርስ በልታ ትሂድ፣ ከተወጋች በኋላ 15 ደቂቃ ትቀመጥ። አንዷ ስትወድቅ ሌሎቹም ተከታትለው ይወድቃሉ፣ ወሬውም ከዚያ ይነሣል።

ጥያቄ፦ ጨረር ወረፋ ላይ ነን። እስኪደርሰን ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጥቁር አንበሳ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኮባልት (ጨረር በሚያመነጭ ብረት) ማሽን ሲጀምር በአገሪቱ ብቸኛው ነበር፣ ለብዙ ዓመታትም እንዲሁ ቆየ። ኮባልት በ5 ዓመት ከጥቂት ወራት ኃይሉ ግማሽ ይሆናል፤ ያው ሕክምና እጥፍ ደቂቃ ይፈልጋል፣ ወረፋውም ይረዝማል። በመብራት ጨረር የሚያመነጩት ማሽኖች፣ ሊኒያር አክሰለሬተሮቹ፣ እንዲህ አይደክሙም፤ የእነሱ ጣጣ መብራት፣ ማቀዝቀዣና መለዋወጫ ነው። በኋላ ጅማና ሐረር ስለተጨመሩ ሪፈር ስትጽፉ የት አጭር እንደሆነ አስጠይቁ።

በወረፋ ጊዜ ሁለት ስልክ አስመዝግቡ፤ ተደውሎ ያልተነሣ ስልክ ተራ ያስጠፋል። የማሕፀን በር ካንሰር ከሆነ ደሟ እንዳይወርድ ተከታተሉ፣ የኩላሊት ምርመራም አሠሩ፤ ዕጢው የሽንት ቧንቧ ከዘጋ ከጨረሩ ጋር የሚሰጠውን ኬሞ መስጠት አይቻልም። ከተጀመረ በኋላ ግን መቋረጥ የለበትም፦ በሳምንት 5 ቀን፣ 25 ያህል ጊዜ ጨረሩ ከውጭ፣ ከዚያ በብልት በኩል በሚገባ መሣሪያ ከውስጥ፤ ሁሉም በ8 ሳምንት ውስጥ። በተዘለለ እያንዳንዱ ቀን የተረፈው ሕዋስ ይራባል። «ለፋሲካ አገር ቤት ደርሼ ልምጣ» የሚለው ውድ ነው። ቆዳ ላይ የተሰመረውን ቀለምም አትፈትጉት።

ጥያቄ፦ ጸበል እየተጠመቅሁ መድኃኒቱን መውሰድ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ጉዳት የሚያደርሰው ጸበሉ ሳይሆን «አንዱን ምረጥ» የሚለው ነው። ቀጠሮህን ለሐኪምም ለአባም ንገር፤ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንዲሄዱ የሚመክሩ አባቶች አሉ። ነጭ ደም በሚወርድባቸው ቀናት ያልፈላ ውሃ መጠጣትና ቁስል ላይ ማፍሰስ ይቆይ። የማይታወቅ ሥር መጠጣትን ግን አልደግፍም፤ ጉበት ከተጎዳ ኬሞው ይዘገያል።

ጥያቄ፦ ከአሰላ ነኝ። ትኩስ ገንፎ የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል?

መልስ፦ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በአርሲና ባሌ በብዛት ስለሚታይ ተመራማሪዎች ትኩስ ምግብና መጠጥን ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ አድርገው ይዘውታል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ ካንሰር የማምጣት ዕድል እንዳለው በ2016 እ.ኤ.አ. መድቧል። ትንሽ ይብረድ፤ ምላስ ካቃጠለ ቧንቧውንም ያቃጥላል። ሥጋና እንጀራ እየተናነቀህ ፈሳሽ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ የጨጓራ መድኃኒት ላይ ወራት አትፍጅ፣ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ ውስጡን ማየት) ጠይቅ።

ጥያቄ፦ «ለጥናት ፈርሚ» አሉኝ። ባልፈርም ሕክምናዬ ይቀራል?

መልስ፦ አይቀርም፤ ይቀራል ያለ ሰው ከደንብ ወጥቷል። ስምምነቱ በምትረጂው ቋንቋ ይነበብልሽ። ትርፍ ደም ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ የተጨማሪ ምርመራውን ማን እንደሚከፍል፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያክም፣ ናሙናሽ ውጭ አገር ይሄድ እንደሆነ ጠይቂ። ከጀመርሽ በኋላ መውጣትም ትችያለሽ።

የካንሰር ምዝገባ ግን ከዚህ ይለያል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከተማው ነዋሪ ሕሙማን ይመዘገባሉ፤ በሴቶች ጡት አንደኛ፣ ማሕፀን በር ሁለተኛ መሆኑን የምናውቀው ከዚያ ነው። ከክልል መጥታችሁ ለምቾት የዘመድ ቤት አድራሻ ስትሰጡ የአዲስ አበባ ቁጥር ያብጣል፣ የእናንተ ወረዳ ደግሞ ካንሰር የሌለበት ይመስላል። ትክክለኛውን አድራሻ ስጡ።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነኝ። ለእህቴ የጡት ካንሰር ትራስቱዙማብ የሚባለውን መድኃኒት ልግዛና በሰው ልላክ?

መልስ፦ ቆይ። መጀመሪያ ኸር-2 ፖዘቲቭ መሆኗ በወረቀት አለ? ፖዘቲቭ ካልሆነች መድኃኒቱ ለእሷ አይሠራም። ወረቀቱ ካለ፣ ሙሉ ሕክምናው በየ3 ሳምንቱ ለአንድ ዓመት፣ 18 ጊዜ ነው፤ ሁለት ጊዜ ልኮ ማቆም ገንዘብ ማባከን ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ ሻንጣ ውስጥ በረዶ ላይ ተኝቶ ከቀዘቀዘ ይበላሻል። በየ3 ወሩ የልብ አልትራሳውንድም ያስፈልጋል፣ የእሱን ወጪ አስላ። ብዙ ጊዜ ከመድኃኒት ይልቅ የሚጠቅመው ብሎኩን አስልኮ ሌላ ፓቶሎጂስት እንዲያየው ማድረግና ለአስታማሚዋ የትራንስፖርትና የኪራይ ገንዘብ መላክ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ማረፊያ የለንም።

መልስ፦ በ2004 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ ለሕፃናት ደግሞ ተስፋ አዲስ፣ ከሩቅ ለሚመጡ ማረፊያ አላቸው። አልጋው ውስን ስለሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ይደወል። የሪፈር ወረቀት፣ የፓቶሎጂ ውጤትና መታወቂያ ይዛችሁ ኑ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈሩ በተርታ መጻፉን አረጋግጡ፤ አንድ ደረጃ ከተዘለለ ሂሳቡ ወደ ኪሳችሁ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ለአባታችን ሞርፊን ሽሮፕ ታዘዘ። ሱስ ይሆንበታል ብለን ፈራን።

መልስ፦ ለካንሰር ሕመም በትክክል የተሰጠ ሞርፊን ሱሰኛ አያደርግም ማለት ይቻላል። በየ4 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው፣ ሕመሙ ሲመጣ ብቻ አይደለም፤ ሕመሙ ከተነሣ በኋላ ለማብረድ ብዙ ያስፈልጋል። የሚያሠቃየው የሆድ ድርቀቱ ነውና ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝ። በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጥንካሬ አንብቡ፦ በ5 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ያለውና በ1 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ያለው በዓይን አይለዩም፣ አምስት እጥፍ ግን ይለያያሉ። በቡና ማንኪያ አትለኩ፣ በመርፌ ቱቦ ለኩ። ከወትሮው በላይ ከደነዘዘ ወይም አተነፋፈሱ ከቀነሰ ቀጣዩን አትስጡ፣ ደውሉ።

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ልጄ ፎቶ ሲነሣ አንድ ዓይኑ ነጭ ይላል።

መልስ፦ በዚህ ሳምንት ዓይን ሐኪም ይየው፣ ፎቶውንም ይዘሽ ሂጂ። የዓይን ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ ከሆነ ግን በጊዜ ከተደረሰበት ሕይወቱ ይተርፋል፣ አንዳንዴ ዓይኑም።