«ቶር ከተጠቀምኩ ማንም አያገኘኝም?» ላልከው

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። ቶርን ከጫንኩ በኋላ ማንም ሊያገኘኝ አይችልም ወይ? ዳርክ ዌብ መግባትስ ራሱ ወንጀል ነው ወይ? ቶር የኢንተርኔት ጉዞህን በሌሎች ኮምፒውተሮች በኩል አሳልፎ ማንነትህን የሚደብቅ ሥርዓት ነው፤ ዳርክ ዌብ የሚባሉት ደግሞ በተራ ብሮውዘር የማይከፈቱ ስውር ገጾች ናቸው። ቶርን ለዓመታት ስለተጠቀምኩበት ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ሁለተኛው ቀላል ነው። በአብዛኞቹ አገሮች ቶርን መጠቀም ወንጀል አይደለም። የሚያግዱት መንግሥታት ግን ስላሉ ያለህበትን አገር ሕግ እይ። ዕፅ መግዛት ወይም የተሰረቀ ካርድ መሸጥ ደግሞ በቶርም ሆነ በሌላ መንገድ ያው ወንጀል ነው።

«ዳርክ ዌብ» ሲባል ለሰው ቶሎ የሚታየው ይሄ ገበያ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ቢቢሲ በ2019 የራሳቸውን የኦኒየን አድራሻ (በቶር ብቻ የሚከፈት የድረ ገጽ አድራሻ) ከፍተዋል። ጋዜጠኞች ምስጢራዊ ሰነድ የሚቀበሉበት ሴክዩርድሮፕም የሚሠራው በቶር ነው። እኔ የማውቃቸው ተጠቃሚዎች ደግሞ አብዛኞቹ ስውር ገጽ ከፍተው አያውቁም። የተዘጋባቸውን ዜና ያነባሉ፤ ወይም ስለ ሕመማቸው ሲያነቡ ማስታወቂያ እንዳይከተላቸው ይፈልጋሉ። በቃ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ ልምጣ። ቶር ብሮውዘርን ክፈትና ከአድራሻው አጠገብ ያለችውን ምልክት ንካት። የመጣህበት መስመር ይታይሃል፤ ሦስት ኮምፒውተሮች፣ ብዙ ጊዜ በተለያዩ አገሮች። የመጀመሪያው ከየት እንደመጣህ ያውቃል፣ ወዴት እንደምትሄድ ግን አያውቅም። መካከለኛው ሁለቱንም አያውቅም። የመጨረሻው የምትሄድበትን ያያል፣ አንተን ግን አያይም።

ሐሳቡ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ነው። ታዲያ ለምን ለሁሉም ተለቀቀ? የባሕር ኃይል ሰዎች ብቻ ቢጠቀሙበት፣ ከዚያ መስመር የወጣ ሁሉ የባሕር ኃይል ሰው መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። መደበቅ የሚቻለው ሰው ሲበዛ ነው። ይህን ከያዝክ የቀረው ሁሉ ይገባሃል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 አንድ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፈተና እንዲቀርለት ብሎ የሐሰት የቦምብ ማስፈራሪያ በቶር ላከ። ቶርን ማንም አልሰበረም። ግን የዩኒቨርሲቲውን ኔትወርክ ነበር የተጠቀመው። በዚያ ሰዓት ቶርን የከፈቱት ጥቂት ስለነበሩ መርማሪዎቹ ደረሱበት፤ ሲጠየቅም አመነ። ልብ በል፣ የኢንተርኔት አቅራቢህ ምን እንደምታነብ ባያይም ቶር መክፈትህን ማየት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የተዘጋው፣ ዕፅ ይሸጥበት የነበረው የዳርክ ዌብ ገበያ የሲልክ ሮድ መሥራችም ሳያስበው ለመርማሪዎች ፍንጭ የሰጣቸው ራሱ ነው። ገበያውን መጀመሪያ ያስተዋወቀበትን ቅጽል ስም፣ የራሱ ስም ካለበት የኢሜይል አድራሻ ጋር ሌላ ቦታ ላይ ተጠቅሞበታል። ወንጀለኞቹን የማነሳው የእነሱ ታሪክ ፍርድ ቤት ስለወጣ ነው። ለጋዜጠኛውም፣ ከሚያስፈራራት ሰው ለምትሸሸው ሴትም አደጋው ያው ነው። በቶር ውስጥ ሆነህ የዘወትር አካውንትህን ከከፈትክ ለዚያ ድርጅት ስምህን ነገርከው ማለት ነው።

ሌላው አደጋ ከሦስቱ የመጨረሻው ኮምፒውተር ነው። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ (አድራሻው «https» ብሎ የሚጀምር) ካልተመሰጠረ፣ እሱን የሚያስተዳድረው ሰው የምትጽፈውን ማንበብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የስዊድን ባለሙያ እንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮችን ተክሎ የኤምባሲዎችን የኢሜይል የይለፍ ቃል ለቃቅሟል።

የቶር ብሮውዘርን መስኮት ስታሰፋው ገጹ ዳር ላይ ባዶ ክፈፍ ሲቀር ታያለህ። ብዙ ሰው ብልሽት ይመስለዋል፤ ሆን ተብሎ ነው። የስክሪንህ ልክ ከሌላው ለይቶ እንዳያሳብቅብህ ነው። ተጨማሪ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚቀጠል ትንሽ ፕሮግራም) አትጫን የምንለውም ለዚሁ ነው። ያወረድከውን ሰነድ ደግሞ ኢንተርኔትህን ሳታጠፋ አትክፈተው። ብሮውዘሩ የሚጠብቀው በራሱ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ሰነዱን የሚከፍተው ፕሮግራም በቀጥታ ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኘ እውነተኛው የኢንተርኔት አድራሻህ ይወጣል።

የኦኒየን አድራሻ 56 ፊደልና ቁጥር ነው። አጭበርባሪዎች መጀመሪያው የሚመሳሰል አድራሻ ይሠራሉ፤ ሰው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፊደላት ብቻ አይቶ ያልፋል። ከድርጅቱ ዋና ድረ ገጽ ላይ ቅዳው እንጂ ሰው ከላከልህ መልእክት ላይ አትውሰድ። ቢትኮይንም ስም አልባ ነው ሲሉህ አትመን። እያንዳንዱ ዝውውር ለዘላለም በይፋ መዝገብ ላይ ይቀራል።

ብሮውዘሩን ከቶር ፕሮጀክት ድረ ገጽ ብቻ አውርድ። አልገናኝ ካለህ ቅንብሩ ውስጥ «ብሪጅ» (እገዳን አልፎ ወደ ቶር የሚያስገባ መንገድ) የሚለውን ፈልግና ከእነሱ አንዱን፣ ስኖውፍሌክን ሞክር፤ ቶር በታገደበት ቦታ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እሱ ነው። ለምን እንደፈለግከው ደግሞ እዚሁ ጻፍልኝ። ለዜና ንባብ ከሆነ ይሄ ይበቃሃል፤ ሕይወትህን የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ግን ኮምፒውተሩን ራሱን ከፍላሽ ላይ አስነስቶ ሁሉንም ግንኙነት በቶር ስለሚያሳልፈው ስለ ቴይልስም መነጋገር አለብን።