የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለ8ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ምን ዓይነት ዝግጅት ያስፈልጋል?

በዚህ ዓመት የ8ኛ ክፍል ፈተናን በተመለከተ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በሒሳብ ትምህርት ላይ ያተኮሩትን ሦስቱን መርጠን እንደሚከተለው መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ልጄ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በሌሎች ትምህርቶች ደህና ውጤት ታመጣለች፤ በሒሳብ ግን ሚድም ሆነ ሞዴል ስትፈተን ከ50 በታች ነው የምታገኘው። ማታ ማታ ደብተሯን ከፍታ ስታጠና አያታለሁ፤ ስጠይቃትም «ሁሉም ገብቶኛል» ትለኛለች። እኔ የተማርሁት እስከ 6ኛ ክፍል ስለሆነ ላስጠናት አልቻልሁም፤ አስጠኚ ለመቅጠርም አቅሜ አይፈቅድም። ሚኒስትሪ የሚሰጠው ሰኔ ላይ ነው። በቀሩት ሁለት ወራት ምን ላድርግላት?
እናት፣ ከኮልፌ

መልስ፦ እህታችን፣ ከጻፉልን ውስጥ ችግሩን የሚጠቁመው «ደብተሯን ከፍታ» ያሉት ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሠራውን ጥያቄ ከደብተር እያነበቡ መከተል ለማንኛውም ልጅ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ከቀደመው ሲወጣ በግልጽ ስለሚታይ ልጅዎ «ገብቶኛል» ስትል አልዋሸችም። ፈተናው የሚጠይቃት ግን ቀጣዩን መስመር ራሷ እንድታወጣው ነው፤ ይህን ደግሞ ደብተር ከፍቶ መለማመድ አይቻልም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በተማሪ መጽሐፉ ውስጥ በምሳሌነት የተሠሩትን ጥያቄዎች መፍትሔያቸውን በወረቀት ሸፍና፣ በባዶ ወረቀት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትሥራቸው፤ ገልጣ የምታመሳክረው ከጨረሰች በኋላ ብቻ ይሁን። የእርሷ ሥራ ከመጽሐፉ የተለየበትን መስመርም ታስምርበት። ይህን ለመከታተል ሒሳብ ማወቅ አያስፈልግዎትም፤ መፍትሔው መሸፈኑንና ወረቀቱ መሞላቱን ማየት ይበቃል።

ከዚህ ቀጥሎ እስካሁን የተፈተነችባቸውን ወረቀቶች ፈልገው ያውጡ። በብዙ ቤት እነዚህ ወረቀቶች ውጤታቸው ከታየ በኋላ ይጣላሉ፤ በእኔ እምነት ግን ለዝግጅት ከእነርሱ የበለጠ ዋጋ ያለው ነገር የለም፤ ምክንያቱም የትኛውም የተባዛ ሺት የማይነግራትን፣ እርሷ ራሷ በየትኛው ቦታ ላይ እንደምትስት ይነግሯታል። የሳተቻቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንደገና ትሥራቸውና ለብቻው በተዘጋጀ ደብተር ላይ ከነምክንያቱ ትመዝግባቸው፦ ትምህርቱ ስላልገባት ነው ወይስ ሐሳቡን እያወቀች በስሌት ወይም በምልክት ስለተሳሳተች ነው ወይስ ጥያቄው ምን እንደጠየቃት ስላልተረዳች ነው? ሦስቱ የተለያየ መድኃኒት የሚሹ ናቸው።

አንድ ጥያቄ ወስደን እንመልከት፤ ያልታወቀውን ቁጥር «ቀ» እንበለው። 3 - 2(ቀ - 4) = 5 ከሆነ፣ ቀ ስንት ነው? ብዙ ተማሪዎች ቅንፉን ሲፈቱ 3 - 2ቀ - 8 = 5 ብለው ይጽፉና -5 የሚል መልስ ላይ ይደርሳሉ። ነገር ግን -2 ከ-4 ጋር ሲባዛ ፖዘቲቭ 8 ስለሚሰጥ ትክክለኛው መስመር 3 - 2ቀ + 8 = 5 ነው፤ ከዚያም 11 - 2ቀ = 5፣ 2ቀ = 6፣ በመጨረሻም ቀ = 3 ይሆናል። ፈተናው ምርጫ ከሆነ -5 ከምርጫዎቹ መካከል ሊገኝ እንደሚችል ልጅዎ ማወቅ አለባት፤ ጥሩ የምርጫ ጥያቄ የሚያወጣ መምህር ተማሪዎች በብዛት የሚስቱትን አስልቶ ያስገባልና። ያገኘችውን ቁጥር ከምርጫዎቹ ውስጥ ስላየችው ብቻ ትክክል ነው ብላ እንዳትቀበል፣ ወደ ጥያቄው መልሳ ማስገባትን ትልመድ። በቀ ፋንታ 3 ስናስገባ 3 - 4 = -1፣ ይህ በ-2 ሲባዛ 2፣ ከ3 ጋር ሲደመር 5 ይሆናል፤ በ-5 ብንሞክረው ግን 21 እንጂ 5 አናገኝም።

ከዚህ ምሳሌ ሊታይ የሚገባው ዋናው ነገር፣ ያቺ ተማሪ ያልታወቀን ቁጥር መፈለግ አለማወቋ ሳይሆን ከዚያ በፊት የተማረችው የነጌቲቭ ቁጥሮች ብዜት እንዳልጸናላት ነው። እንዲህ ላለች ልጅ ተመሳሳይ የ8ኛ ክፍል ጥያቄዎችን መደርደር አይጠቅማትም፤ ወደ ኋላ ተመልሳ ጥቂት ቀን ምልክት ላይ ብቻ ብትሠራ ግን ብዙ ጥያቄ አብሮ ይስተካከልላታል። በክፍልፋይም እንዲሁ ነው። 2/3 + 1/4 ሲባል ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምሮ 3/7 የሚል ልጅ 8ኛ ክፍልም አይጠፋም። 2/3 ብቻውን ከግማሽ ይበልጣል፤ 3/7 ደግሞ ከግማሽ ያንሳል፤ ተጨምሮበት እንዴት ያንሳል? ልጁ ይህን ራሱን መጠየቅ ከጀመረ፣ የጋራ ታሕት ፈልጎ 11/12 ላይ መድረሱ ሩቅ አይሆንም። የማባዣ ሠንጠረዥን፣ ክፍልፋይንና ምልክትን ሳያጸኑ የ8ኛ ክፍልን ምዕራፎች መሸፈን ብዙ ልፋት ያስባክናል፤ ወደ 5ኛና 6ኛ ክፍል መጽሐፍ መመለስም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እርስዎ ራስዎ በቀጥታ ሊረዷት የሚችሉበት ትልቅ ቦታም አለ። በአዲስ አበባ በአማርኛ ሲማሩ የቆዩ ልጆች ሒሳብን እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ይማሩና 7ኛ ክፍል ሲገቡ በእንግሊዝኛ ወደ ተዘጋጀ መጽሐፍ ይሻገራሉ። በዚህ ምክንያት በዓረፍተ ነገር የሚቀርቡ ጥያቄዎች ስሌቱን የሚችሉትን ልጆች ሳይቀር ያሰናክላሉ። ልጅዎ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲገጥማት እርሳስ ከማንሳቷ በፊት «ጥያቄው ምን ይላል? በአማርኛ ንገሪኝ» ይበሏት። ምን እንደተሰጣትና ምን እንደተጠየቀች አጥርታ ከነገረችዎ ወደ ስሌቱ ትግባ፤ ካልቻለች ግን ማጥናት ያለባት በመጀመሪያ የቃላቱን ትርጉም ነው። እስከ 6ኛ ክፍል የተማረ ሰው ይህን በሚገባ ማድረግ ይችላል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ቅዳሜን ሙሉ ለሒሳብ ከመስጠት ይልቅ በየቀኑ አርባ ደቂቃ ያህል መሥራት ይሻላል። ጀርመናዊው ሄርማን ኢቢንግሀውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው የማስታወስ ጥናት፣ ሰው የያዘውን ነገር በፍጥነት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ አሳይቷል፤ ሰኞ የተሠራ ጥያቄ ረቡዕ፣ ከዚያም በሳምንቱ ተመልሶ ሲሠራ ነው የሚጸናው። ከፎቶ ኮፒ ቤት የሚገዙ የቀደሙ ዓመታት ፈተናዎች ጠቃሚ ናቸው፤ ሆኖም ሥርዓተ ትምህርቱ በ2015 ዓ.ም. ስለተለወጠ፣ ከዚያ በፊት የነበሩትን ከአዲሱ መጽሐፍ ጋር እያስተያየች፣ የማይመለከቷትን ትለፋቸው። በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን የማጠቃለያ መልመጃዎች ሳትጨርስ ግን ወደ ሌላ ሺት ባትሄድ እመርጣለሁ።

አስጠኚ መቅጠር ባለመቻልዎ ብዙ እንዳይጨነቁ። አስጠኚው ሲሠራ ልጁ የሚገለብጥበት ጥናት ከተከፈተው ደብተር የተለየ አይደለም። መምህሯ በማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ የሚሰጡት እርዳታ ካለ፣ ከዚያ የስህተት ደብተሯ ላይ ያልፈታቻቸውን ሁለት ሦስት ጥያቄዎች ይዛ ትሂድ፤ «አልገባኝም» ከሚል ተማሪ ይልቅ «ይህ መስመር ከየት መጣ?» የሚልን ተማሪ ለመርዳት መምህርም ይቀለዋል።

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቀመሮቹን በሙሉ ሸምድጃቸዋለሁ፤ ፈተና ላይ ግን የትኛውን እንደምጠቀም ይጠፋኛል። ሰዓትም ያልቅብኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ተማሪ፣ ከሳሪስ

መልስ፦ ቀመሩን መያዝህ መልካም ነው፤ የጎደለህ መምረጥን መለማመድ ነው። የፓይታጎረስን ምዕራፍ ስታጠና መልመጃው ሁሉ የፓይታጎረስ ስለሆነ፣ የትኛውን ቀመር ልጠቀም ብለህ አታስብም። ፈተናው ግን ሁሉንም ቀላቅሎ ያመጣብሃል። ስለዚህ ከተለያዩ ምዕራፎች አሥር ያህል ጥያቄዎችን ቀላቅለህ ጻፍና፣ አንዱንም ሳትሠራ በየጥያቄው አጠገብ በምን እንደምትፈታው ብቻ መዝግብ። መምረጡ ሲቀልልህ ወደ ስሌቱ ትገባለህ።

ቅርጽ ያለበትን ጥያቄ ሁሉ ሥዕል ሳትሥል አትጀምር። «5 ሜትር ርዝመት ያለው መሰላል ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ እግሩ ከግድግዳው 3 ሜትር ይርቃል፤ መሰላሉ ግድግዳውን የሚነካው በምን ያህል ከፍታ ላይ ነው?» ተብለህ ብትጠየቅ፣ ቀመሩን ብቻ የያዘ ተማሪ 25 እና 9ን ደምሮ የ34ን ስኩዌር ሩት ይፈልጋል። ሥዕሉን የሣለ ግን መሰላሉ ራሱ ከቀጤ ማዕዘኑ ትይዩ ያለው ረጅሙ ጎን መሆኑን ያያል፤ 25 - 9 = 16፣ ከፍታውም 4 ሜትር ነው። የ34 ስኩዌር ሩት ከ5 ስለሚበልጥ፣ መሰላሉ ከራሱ ርዝመት በላይ ደረሰ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን መልስ አጥቁረህ ከማለፍህ በፊት ቆም ብለህ እየው።

በመቶኛ ጥያቄዎች ላይ ደግሞ «የምን?» ብለህ ጠይቅ። 500 ብር የነበረ ጫማ 20 በመቶ ቢጨምር 600 ብር ይሆናል፤ ከዚያ 20 በመቶ ቢቀንስ ግን ወደ 500 አይመለስም፤ ቅናሹ የ600 ብር ስለሆነ 480 ብር ይሆናል።

ስለ ሰዓቱ፣ የተሰጠህን ደቂቃ ለጥያቄዎቹ ብዛት አካፍልና ለአንዱ ምን ያህል እንደሚደርሰው እወቅ። በመጀመሪያው ዙር ወዲያውኑ የሚመጡልህን ሥራ፤ የያዘህን ጥያቄ ምልክት አድርገህበት እለፍ። ጥያቄ በዘለልህ ቁጥር በመልስ መስጫው ወረቀት ላይም ያንኑ ተራ ቁጥር መዝለልህን አረጋግጥ፤ አንድ መስመር ተንሸራትቶ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ማበላሸት በጣም ያሳዝናል። ከምርጫዎቹ አንዱን ወደ ጥያቄው አስገብተህ መሞከርም ከረጅም ስሌት የሚያድንህ ጊዜ አለ። ቤት ውስጥ ስትለማመድ ሰዓት አስቀምጥ፣ ካልኩሌተሩንና ስልኩን ከአጠገብህ አርቅ።

ጥያቄ፦ የምሠራው ኩዌት ነው። ልጄ አዲስ አበባ ከአያቱ ጋር ሆኖ 8ኛ ክፍል ይማራል። የማገኘው ዓርብ ዓርብ በስልክ ብቻ ነው። ሒሳብ እንደሚከብደው መምህሩ ነግረውኛል። ከዚህ ሆኜ ልረዳው የምችለው ነገር አለ?
እናት፣ ከኩዌት

መልስ፦ አለ። በየሳምንቱ «ስንት አገኘህ?» ብለው ከሚጠይቁት ይልቅ በዚያ ሳምንት ከሠራቸው ጥያቄዎች አንዱን መርጦ እንዲያስተምርዎት ይጠይቁት። ልጅ ለሌላ ሰው ሲያስረዳ ያልገባው ቦታ ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል፤ ያንን ቦታ እርስዎም እርሱም ትሰማላችሁ። የሳተውን ጥያቄ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎት፤ በሚቀጥለው ዓርብ ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ለውጠው መልሰው ይጠይቁት። ከመምህሩ ጋር ሲነጋገሩም «ጎበዝ ነው ወይስ ሰነፍ?» ሳይሆን «የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው የሚደክመው?» ብለው ይጠይቋቸው።

ለአያቱም ሁለት ነገር አደራ ይበሏቸው፦ ማታ የጥናቱ ሰዓት ሲደርስ እንዳይልኩትና በፈተናው ዋዜማ በጊዜ እንዲያስተኙት። በዋዜማው እርስዎም ቢደውሉ ጥሪው አጭር ይሁን፤ ስለ ውጤት ሳያነሡ መርቀውት ይሰናበቱት።