«ጥፋተኛ ነኝ» ብዬ ልገላገል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሱቅ ውስጥ ራስን በራስ በሚያስከፍለው ማሽን በኩል 140 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ስካን ሳላደርግ ወጥቼ ተያዝኩ። መጥሪያ ሰጥተው ለቀቁኝ። ጓደኛዬ «የመጀመሪያሽ ስለሆነ ጥፋተኛ ነኝ በይ፤ ነጻ አገልግሎት ሠርተሽ ይዘጋልሻል» አለችኝ። ለገና አገር ቤት ለመሄድ ትኬት ቆርጫለሁ። ቅጣቱ ስንት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ትኬት መቁረጥሽን ነግረሽኝ በየትኛው ፓስፖርት እንደምትሄጂ አልነገርሽኝም። ዜጋ ነሽ ወይስ ግሪን ካርድ ነው ያለሽ? አሜሪካ ከገባሽስ ስንት ዓመትሽ ነው? መጀመሪያ መጻፍ የነበረብሽ ይህን ነው።

የጠየቅሽኝ አጭር ነው። በቨርጂኒያ ከ1,000 ዶላር በታች የሆነ ስርቆት አንደኛ ደረጃ ሚስዲሚነር (ከከባድ ወንጀል በታች ያለ ጥፋት) ነው፤ ጣሪያው 12 ወር እስራት፣ 2,500 ዶላር መቀጮ ወይም ሁለቱም።

የሚያስፈራኝ የጓደኛሽ ምክር ነው። ዐቃቤ ሕግ ከተስማማ ዳኛው ጉዳዩን አቆይቶ፣ ግዴታሽን ስትፈጽሚ ሊዘጋው ይችላል። እውነት ነው። ቢሮዬ የሚመጡ ሰዎች «ዲስሚስድ» (ክሱ ተዘግቷል) የሚለውን ወረቀት በፕላስቲክ ሸፍነው፣ ደስ ብሏቸው ያሳዩኛል። ዜጋ ካልሆንሽ ግን የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ያንን ወረቀት አይቶ አያልፍም። ጥፋተኛ ነኝ ካልሽ፣ ወይም ለጥፋት የሚበቃውን ፍሬ ነገር ካመንሽና ዳኛው ማናቸውንም ቅጣት ወይም ግዴታ ከጣለብሽ፣ ስቴቱ ቢዘጋውም እንደተፈረደብሽ ይቆጥረዋል። ድርጊቱ የተፈጸመው ከገባሽ አምስት ዓመት ሳይሞላ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ሳትታሰሪም ለመባረር ሊያጋልጥሽ ይችላል፤ የሚታየው የተፈረደብሽ ሳይሆን ሊፈረድብሽ ይችል የነበረው 12 ወር ነውና።

ሌላም የዘለልሽው አለ፦ ረስተሽ ነው ወይስ አውቀሽ? የመስረቅ ሐሳብ ካልነበረ ስርቆት የለም። ግን ይህን ለእኔም ለጓደኛሽም አትጻፊ፤ ለጠበቃሽ ብቻ በቃል ንገሪ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እንደወሰነው፣ የወንጀል ጠበቃ ጥፋተኝነትን ማመን የሚያስከትለውን የመባረር አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት። ያለ ጠበቃ ከቀረብሽ ግን ማን ይነግርሻል? ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ወንጀልንም ኢሚግሬሽንንም የሚያውቅ ጠበቃ ያዢ። መጥሪያሽን፣ የግሪን ካርድሽን ሁለቱንም ገጽ፣ ፓስፖርትሽን ከመግቢያ ማኅተሙ ጋር ይዘሽ ሂጂ። አስተርጓሚ ካስፈለገሽ ፍርድ ቤቱን ጠይቂ፤ ክፍያ የለውም። ከቀጠሮው አትቅሪ፤ መቅረቱ ራሱ ሌላ ሚስዲሚነር ነው።

ምናልባት ቀርበሽ ጨርሰሽ ከሆነ፣ ከተፈረደብሽ ቀን ጀምሮ ይግባኝ ለማለት ያለሽ 10 ቀን ብቻ ነው፤ ዛሬውኑ ጠበቃ ጋ ደውይ። ትኬቱንም ጠበቃው «ሂጂ» እስኪልሽ አራዝሚው።