የካርቦን ናኖቲዩብ የሙቀት ጨረር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የጋለ ነገር ሁሉ ጨረር ያወጣል። የካርቦን ናኖቲዩብ፣ ማለትም ከተጠቀለለ የካርቦን አቶሞች ንጣፍ የተሠራ እጅግ ቀጭን ቱቦ፣ በምን ይለያል?

መልስ፦ በሚያወጣው መጠን ይለያል። ጀርመናዊው ፊዚሲስት ኪርኮፍ እ.ኤ.አ. በ1860 እንዳስረዳው፣ አንድ አካል በአንድ የሞገድ ርዝመት ጨረር የማውጣት ችሎታው በዚያው የሞገድ ርዝመት ጨረር ከመምጠጥ ችሎታው ጋር እኩል ነው። የተወለወለ ብረት ብርሃኑን ስለሚመልስ ቢግልም የሚያወጣው ጨረር ጥቂት ነው። እንደ ስንዴ ማሳ ቀጥ ብለው የበቀሉ ናኖቲዩቦች ግን በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት ስላለ፣ ብርሃኑ ከላይ ሳይነጥር ወደ ውስጥ ይዘልቅና ከቱቦ ቱቦ ሲመላለስ ተመጥጦ ያልቃል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት የእንዲህ ያለው ንጣፍ ጨረር የማውጣት ችሎታ ከ0.98 እስከ 0.99 ሆኖ ተለክቷል፤ የፍጹም ጥቁር አካል፣ ማለትም ያረፈበትን ብርሃን ሁሉ የሚመጥ አካል፣ ልክ 1 ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በክፍል ሙቀት ሲያበራ የማናየው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በ300 ኬልቪን (27 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ጨረሩ የሚበረታው በ9.7 ማይክሮሜትር አካባቢ፣ ማለትም ዓይናችን በማያየው ኢንፍራሬድ ውስጥ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ነጠላ ቱቦስ እንደ ጥቁር አካል ይቆጠራል?

መልስ፦ አይቆጠርም፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀው ይህ ነው። ስፋቱ 1 ናኖሜትር ገደማ በሆነ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች በዙሪያው ስለታሰሩ የተፈቀዱላቸው የኃይል ደረጃዎች ውስን ናቸው፤ ስለዚህም ቱቦው በኤሌክትሪክ ሲግል በስፔክትረሙ ላይ፣ ማለትም ብርሃኑ በየሞገድ ርዝመቱ ሲዘረዘር፣ እንደ ዲያሜትሩና እንደ አጠቃቀለሉ የሚለያዩ ጉብታዎች ይታያሉ። ኤሌክትሮኖቹ በቁመቱ እንጂ በስፋቱ እንደልብ ስለማይንቀሳቀሱ፣ የብርሃኑ ንዝረትም በአብዛኛው የቱቦውን ቁመት ይከተላል፤ በፊቱ የፖላራይዜሽን ማጣሪያ (በአንድ አቅጣጫ የሚነዝረውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ) ይዞ ቀስ ብሎ የሚያዞር ሰው ብርሃኑ ሲደምቅና ሲደበዝዝ ያያል። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ከተጠማዘዘ የናኖቲዩብ ክር ንዝረቱ እየዞረ የሚጓዝ የሙቀት ብርሃን ማግኘታቸውን አሳውቀዋል። ጥቁር አካል በራሱ ይህን ዓይነት አቅጣጫ የለውም፤ አቅጣጫውን የሰጠው የቁሱ ቅርጽ ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ለምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ከፋብሪካ የሚባክነውን ሙቀት መጀመሪያ ወደ ብርሃን፣ ከዚያም በፀሐይ ሴል ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ ይታሰባል። የፀሐይ ሴል በብቃት የሚጠቀመው በጠባብ የሞገድ ክልል ውስጥ ያለውን ብርሃን ሲሆን፣ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 በአንድ አቅጣጫ ተጠጋግተው ከተደረደሩ ናኖቲዩቦች የተሠራ ስስ ንጣፍ በ700 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨረሩን ወደ እንዲህ ያለ ጠባብ ክልል እንደሚሰበስብ አሳይቷል። ይሁንና ካርቦን በእንዲህ ያለ ሙቀት ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ስለሚቃጠል፣ መሣሪያው አየር በሌለበት ወይም ከካርቦን ጋር በማይዋሃድ ጋዝ ውስጥ መሥራት ይኖርበታል።