ከድንገተኛ ክፍል ወደ ሲሙሌሽን፦ ልሂድ ወይስ ልቆይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። ሌላውም አንባቢ እንዲከታተለን ላሳጥረው። በአንድ የክልል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሦስት ዓመት ነርስ ሆነሽ ሠርተሻል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለስኪል ላብ (በማኒኪን፣ ማለትም በሰው አምሳያ አሻንጉሊት ሕክምና የሚለማመዱበት ክፍል) ረዳት አሠልጣኝ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቷል። ልቡ ለቆመ ታካሚ የሚሯሯጠውን ቡድን ማለማመድ ትወጃለሽ፣ ግን "ይሄ የምር ሙያ ነው ወይስ አሻንጉሊት ማንሳትና ማስቀመጥ?" ትያለሽ። በዚያ ላይ ለኤሲኤልኤስ (ልቡ ለቆመ ሰው የሚደረግ የላቀ ሕክምና) ሥልጠና ዕቁብሽን ቀድመሽ ለመውሰድ አስበሻል፣ ዱባይ ያለችው የአክስትሽ ልጅ ደግሞ "ካርዱን ይዘሽ ነይ" እያለች ታጣድፍሻለች።

ሙያ ነው፤ ሲሙሌሽን ይባላል፣ እውነተኛውን ሁኔታ አስመስሎ ማለማመድ ማለት ነው። ውጭ አገር ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ሙሉ ጊዜያቸውን በዚህ የሚሠሩ ነርሶች አሉ፣ ሲኤችኤስኢ የሚባል የራሱ የአሠልጣኝ ብቃት ፈተናም አለው። እኛ ጋ ግን ባብዛኛው ከዩኒቨርሲቲ ስኪል ላብ ወይም ከሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ሥልጠና ጋር ተለጥፎ ነው የሚመጣው፤ "የሲሙሌሽን ባለሙያ" የሚል መደብ ፈልገሽ ብታጪ አይግረምሽ። አሻንጉሊት ያልሽው ደግሞ እውነትሽን ነው። በፈረንጆቹ 1960 የመጀመሪያውን የሲፒአር (ደረት እየተጫኑ፣ ትንፋሽ እየሰጡ ልቡ የቆመን ሰው የማዳን) ማኒኪን ገበያ ላይ ያዋለው ኖርዌያዊው አስሙንድ ሌርዳል አሻንጉሊት አምራች ነበር። ስለዚህ አትናቂው።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ግን ልምምዱ ሲያልቅ ነው።

ደረት መጫንን ማንም ይለምደዋል። በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ በየ2 ደቂቃው ሰው መቀየር፣ በመሀል ከ10 ሰከንድ በላይ አለማቆም። ይሄን በቃልሽ ታውቂዋለሽ። ቡድን የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው። ስድስት ሰው አልጋውን ከቦ ሁሉም ባንዴ ያወራል፣ አንዱ "አድሬናሊን ስጡ" ይላል፣ ለማን እንዳለ አይታወቅም፣ ወይ ማንም አይሰጥም ወይ ሁለት ሰው ይሰጣል፣ ሰዓቱን የጻፈ የለም፣ ቀጣዩ ዶዝ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ መሰጠት አለበት። ቡድን መሪው ራሱ ደረት መጫን ሲጀምር ሞኒተሩን የሚያይ ይጠፋል። ሞኒተሩ ላይ ጠፍጣፋ መስመር እያየ "ሾክ አድርጉ" (በኤሌክትሪክ ምቱ) የሚልም አለ፣ አሲስቶል (ይሄው ጠፍጣፋ መስመር) በሾክ እንደማይመለስ እያወቀ! ስለማያውቅ አይደለም፣ ስለደነገጠ ነው። የስታንፎርዱ የማደንዘዣ ሐኪም ዴቪድ ጋባ የአብራሪዎችን የቡድን ሥልጠና ወደ ሕክምና ያመጣው ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው።

እና ዲብሪፊንግ (ከልምምዱ በኋላ የሚደረገው ውይይት) ላይ ያንቺ ችሎታ ይታያል። እኛ አገር ነርስ ሐኪምን ማረም ቀላል አይደለም። "ለምን ዘገዩ?" ብትዪ ይኮረፋል፣ ዝም ብትዪ ነገም ይደገማል። "ዶክተር፣ አድሬናሊን ብለው ሲያዙ 'እሺ፣ ሰጠሁ' ያለ ሰው አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት ምን እያዩ ነበር?" ብለሽ መጠየቅ ከቻልሽ ግን ሰውየው ራሱ መልሱ ላይ ይደርሳል። ያየሽውን ትናገሪያለሽ፣ ከዚያ ትጠይቂያለሽ፣ ከዚያ አፍሽን ትዘጊያለሽ። ሦስተኛው ከባዱ ነው።

ይሄን ለመለማመድ ውድ ማኒኪን አያስፈልግሽም፣ ዩኒቨርሲቲው እስኪቀጥርሽም አትጠብቂ። ሜትረኗን (የነርሶች ኃላፊዋን) አስፈቅጂና ተረኛው ቡድን ጋ፣ እዚያው ክፍላችሁ ውስጥ፣ አሥር ደቂቃ የማይሞላ ልምምድ አድርጉ። ስኪል ላቡ አሮጌ የደረት ማኒኪን ካዋሰሽ ጥሩ፤ ካልሆነም ትራስ ይበቃል (ሕያው ሰው ላይ ደረት መጫን ግን አይሞከርም)። ትዕዛዙን፣ ሰዓቱን፣ ማን ምን እንደያዘ ተለማመዱ። ያኔ መጽሐፍ ላይ የሌለ ነገር ይወጣል፦ የክራሽ ካርቱ (የድንገተኛ መድኃኒትና ዕቃ ጋሪው) ቁልፍ ትናንት አዳር የነበረችው ልጅ ኪስ ውስጥ፣ የዲፊብሪሌተሩ (የሾክ መሣሪያው) ባትሪ የሞተ፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ መክፈቻ ሌላ ዋርድ። ሾክ የሚያስፈልገው ዓይነት የልብ መቆም ሲሆን፣ ሲፒአርም ሾክም ካልተደረገ የመትረፍ ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቁልፍ ፍለጋ የሚጠፋ ሦስት ደቂቃ ቀላል አይደለም። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። አስታማሚዎች እንዳይደነግጡ ቀድመሽ ንገሪ። የልምምድ መድኃኒት ላይ ደግሞ በትልቁ ጻፊበት፣ ሲያልቅም ቆጥረሽ አውጪው፣ ከእውነተኛው ጋር ከተቀላቀለ ጉድ ነው።

የምታገኙትን ነገር ሁሉ ጻፊ፤ ምን እንደጎደለ፣ ምን እንደተስተካከለ። ቃለ መጠይቅ ላይ ከሦስት ሰርተፍኬት የበለጠ ያወራልሻል።

ኤሲኤልኤስ? ዕቁቡን አሁን አትንኪው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ካርድ የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው፣ ዱባይ መቼ እንደምታመለክቺ ሳታውቂ ብትወስጂው ሰዓቱ በከንቱ ይቆጥራል። ቢኤልኤስሽን (መሠረታዊውን የሕይወት አድን ሥልጠና) አድሺ፣ ኢሲጂ (የልብ ምት መስመር) ማንበብ አጥብቂ፣ ኤሲኤልኤሱን ማመልከቻው ሲቃረብ ውሰጂ። "ሳትማሪ ካርዱን እናወጣልሻለን" ከሚሉት ደግሞ ሽሺ፤ ካርዱን ቀጣሪው ኦንላይን ገብቶ ያጣራዋል።

ወደ ማስታወቂያው ልመለስና፣ አመልክቺ። ግን ከታካሚ አልጋ ሙሉ በሙሉ አትራቂ፣ በሳምንት አንድም ዱቲ ቢሆን ይኑርሽ። አንደኛ፣ የባሕረ ሰላጤው ቀጣሪዎች የቅርብ ጊዜ የአልጋ ዳር ልምድ ይጠይቃሉ፣ የስኪል ላብ ዓመታት በዚያ ላይቆጠሩልሽ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ኮድ (ልቡ ለቆመ ታካሚ የሚደረግ ጥሪ) ከሮጠች ዓመታት ያለፏትን አሠልጣኝ የድንገተኛ ሰው አይሰማትም፣ እኔም አልፈርድበትም። በሌላ በኩል ሲኤችኤስኢ ለመፈተን 2 ዓመት በሲሙሌሽን ሥራ ላይ መቆየት ይጠበቃል፣ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምትሠሪው ጊዜ ለዚያኛው መንገድ ይቆጠርልሻል። ሁለቱን አጣምሮ መያዝ ያደክማል፣ ይቻላል ግን።

ለቃለ መጠይቁ ከጠሩሽ አንቺም ጠይቂ። ሆስፒታል ገብቼ ቡድኖችን እዚያው ማሠልጠን እችላለሁ ወይስ ላብ ውስጥ ተማሪ ብቻ ነው የማየው? ማኒኪኑ ሲበላሽስ ማነው የሚጠግነው? የሁለተኛው መልስ "አንቺ" ከሆነ ስለ ደሞዙ እንደገና ተነጋገሩ።